“አይገጥምም” ማለት ምን ማለት ነው?

የሺማኖ የተኳኋኝነት ሠንጠረዥ ሂስ ሊጻፍበት የሚገባ ጽሑፍ ነው። እየቀለድኩ አይደለም። የጃፓኑ ኩባንያ የትኛው የማርሽ መቀየሪያ ከየትኛው ካምቢዮ፣ ከየትኛው ካሴት፣ ከየትኛው ካቴና ጋር እንደሚሄድ በሣጥንና በመስመር እየሳለ በፒዲኤፍ ያወጣል። ጽሑፉ ገጸ ባሕርይ የለውም፣ ቀልድማ ጭራሽ የለውም። ግን አንባቢ አለው፤ ውሳኔም ይወሰንበታል። የ40 ዓመት ዕድሜ ያለው ብስክሌት መንገድ ላይ ይቆይ ወይስ ካፌ ግድግዳ ላይ ጌጥ ሆኖ ይሰቀል የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ነው። ቦሌ ላይም ጭምር፤ ሁለት ሦስት የተሰቀሉ ዓይቻለሁ፣ ጎማቸው ነጭ ቀለም ተቀብቶ።

ሠንጠረዡ ስለ አሮጌ ብስክሌት አንድም ክፉ ቃል አይናገርም። ዝም ነው የሚለው። በሁለት ሣጥኖች መካከል መስመር ካለ ይገጥማል፤ መስመር ከሌለ አይገጥምም። ለምን እንዳልገጠመ የሚያስረዳ ዓረፍተ ነገር አትጠብቁ። እኔ ኑሮዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ በሥራዬ ላይ “ስህተት ተፈጥሯል” ብቻ ብሎ ዝም የሚል ፕሮግራም ባስረክብ ማንም አይቀበለኝም። ምን ዓይነት ስህተት? የት ቦታ? ላስተካክለው እችላለሁ ወይስ አልችልም? የሠንጠረዡ ዋና ድክመት ይሄ ነው። አራት አምስት ዓይነት “አይሆንም” አለ፤ እሱ ሁሉንም በአንድ ባዶ ቦታ ይነግረናል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን እኔ የምነዳውን ብስክሌት ልጥቀስ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ የተሠራ የፔጆ ኮርሳ ነው። ፔጆ ሲባል መኪናው ትዝ የሚላችሁ ትኖራላችሁ፤ ቤቱ ግን ብስክሌት መሥራት የጀመረው በ1882 ነው፣ ከመኪናው ይቀድማል። ፍሬሙ ብረት፣ ከኋላ 6 ፒኞን፣ ከፊት 52 እና 42 ጥርስ ያላቸው ሁለት ኮሮናዎች፣ ማርሽ መቀየሪያው ደግሞ በሰያፉ ቱቦ ላይ የተተከሉ ሁለት ትንንሽ ዘንጎች። ዘንጎቹ ቀጭ አይሉም። እጅህ እየሰማ፣ ጆሮህ እያዳመጠ፣ ካቴናው ቦታውን እስኪይዝ ቀስ ብለህ ትገፋቸዋለህ።

ከገርጂ ቦሌ ለመመላለስ ይህ በቂ ነው። እንጦጦ ላይ ግን ሒሳቡ ይከብዳል። ትንሹ ማርሽ 42 በ24 ነው፤ አንድ የፔዳል ዙር 3.7 ሜትር ገደማ ይወስድሃል። በደቂቃ 60 ዙር ብትመታ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አንተና ብስክሌትህ 85 ኪሎ ብትሆኑ፣ 10 በመቶ የሚወጣ ዳገት ላይ ይህ ፍጥነት 300 ዋት ያህል ይጠይቃል፤ ነፋስና የጎማ ግጭት ሳይቆጠር። ያውም ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ አየሩ በሳሳበት። 300 ዋት ለረጅም ደቂቃዎች የሚያወጣ ሰው አለ፤ ጽጋቡ ገብረማርያም እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመጋለብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል፣ እሱ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ሰው አይችልም። ወይ ወርደህ ትገፋለህ ወይ ዙሩን ወደ 35 አውርደህ ጉልበትህን ትፈጃለህ። ከፊት 34፣ ከኋላ 34 ብታደርገው ግን በዚያው 60 ዙር 174 ዋት ይበቃሃል። ስለዚህ አዲስ ዕቃ አሮጌ ፍሬም ላይ የመግጠሙ ጉዳይ የፋሽን ጉዳይ አይደለም። ዳገቱን ተቀምጠህ መውጣትና አለመውጣት ነው።

እዚህ ላይ ሠንጠረዡን ከፍተን እናንብብ።

መጀመሪያ የሚገጥመን የወርድ ጥያቄ ነው። የ6 ፒኞን ዘመን ፍሬሞች የኋላ ጎማ የሚገባበት ክፍተት 126 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ8 እስከ 11 ፒኞን ያላቸው የኮርሳ ጎማዎች 130 ይፈልጋሉ። ልዩነቱ 4 ሚሊ ሜትር ነው፣ በየጎኑ 2። ብረት ከሆነ በጥንቃቄ ይከፈታል፣ ከዚያም ሁለቱ ጫፎች ትይዩ መሆናቸውና የካምቢዮው ጆሮ መቃናቱ ይለካል፣ አለቀ። አሉሚኒየም ወይም ካርቦን ከሆነ እንዳትሞክሩት፤ ይሰነጠቃል። ይህ “አይሆንም” እንግዲህ የማቴሪያል ነው። ብረት ላይ ውሸት፣ ካርቦን ላይ እውነት ነው። ሠንጠረዡ ስለ ፍሬም ማቴሪያል ምንም አይልም።

ሁለተኛው ይበልጥ የሚጣፍጠው ነው። ቀጭ የሚል ማርሽ፣ ማለትም አንድ ጠቅታ አንድ ፒኞን የሚቀይር፣ በሺማኖ ዱራ ኤስ ላይ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ከዚያ በፊት ዘንጉና ካምቢዮው ምንም ስምምነት አልነበራቸውም፤ መሀል ላይ የነበረው ዳኛ የጋላቢው ጆሮ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱ በቁጥር ይነጋገራሉ። የሺማኖ ባለ 10 መቀየሪያ በአንድ ጠቅታ 2.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሽቦ ይስባል። ካምቢዮው ያንን በ1.7 ያበዛዋል። ውጤቱ 3.9 ገደማ ነው፤ በባለ 10 ካሴት ላይ በአንዱ ፒኞንና በቀጣዩ መካከል ያለው ርቀትም 3.95 ነው። ካቴናው በትክክል ያርፋል። ባለ 8 ከሆነ 2.8 በ1.7፣ ወደ 4.8 ይጠጋል፤ የባለ 8 ካሴት ርቀትም 4.8 ነው። እነዚህን ቁጥሮች በሠንጠረዡ ላይ አታገኟቸውም። ሰዎች በካሊፐር ለክተው ያገኟቸው ናቸው።

ይህን ነገር ከአማርኛ ፊደል ታሪክ በላይ የሚያስረዳልኝ የለም። ከዩኒኮድ በፊት በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ አሮጌ ፋይል ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? ፎንቱ ከሌለ የአባትህ የመመረቂያ ጽሑፍ የላቲን ፊደልና የነጥብ ዝባዝንኬ ሆኖ ይመጣል። ፋይሉ አልተበላሸም። ጸሐፊውና አንባቢው የተስማሙበት ቁጥር ስለተለያየ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ያ ስምምነት የሁሉም ሆነ። በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ደግሞ መጀመሪያውኑም ፎንት አያስፈልገውም ነበር፤ እንደዚያ ቀጭ የማይል ዘንግ። የሽቦው ቁጥር ፎንት ነው። ሲለያይ ማርሹ ይንተባተባል እንጂ ዕቃው ሞቷል ማለት አይደለም።

ቁጥሮቹን ከያዛችሁ ሠንጠረዡ የማያውቃቸው በሮች ይከፈታሉ። የባለ 9 ዘመን የተራራ ብስክሌት ካምቢዮ የሚያበዛው በ1.7 ነው። ስለዚህ ከባለ 10 የኮርሳ መቀየሪያ ጋር ያለ አንዳች ማስተካከያ ይሠራል፤ ባለ 34 ጥርስ ፒኞንም ይውጣል። በሠንጠረዡ በሁለቱ መካከል መስመር የለም። የእኔ ፔጆ ግን እንጦጦን የሚወጣው በዚህ ነው። በተቃራኒው 4700 ተብሎ የሚጠራው ቲያግራ ባለ 10 ነው ተብሎ ይሸጣል፣ ውስጡ ግን የባለ 11ን ቋንቋ ነው የሚናገረው፤ የሚያበዛው በ1.4 ነው። ከሌላ ባለ 10 ጋር ብታደባልቀው አይግባባም። እዚህ ላይ ሠንጠረዡ ልክ ነው፣ የሚያሳስተው ዕቃው ላይ የተጻፈው “10” ነው። አንድ ሂስ ጸሐፊ የጽሑፍን ርዕስ ከይዘቱ ጋር ማነጻጸር እንዳለበት ሁሉ፣ መካኒክም እንዲሁ።

ሠንጠረዡ ልክ የሆነበትን ሌላም ቦታ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም የነፍስ ጉዳይ ነው። ሺማኖ እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ ዱራ ኤስ 7900 ጀምሮ የፍሬን መያዣዎቹ የሚስቡትን የሽቦ ርዝመት ጨምሯል። ብዙ ሽቦ የሚስብ መያዣ በአሮጌ ፍሬን ላይ ሲገጠም መጨበጥህን ወደ ጉልበት የሚቀይረው በትንሹ ነው። ጠፍጣፋ መንገድ ላይ ላይታወቅህ ይችላል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርድ፣ ከፊትህ ሚኒባስ “ወራጅ አለ” ተብሎ ድንገት ሲቆም ይታወቅሃል። ስለዚህ መቀየሪያውን ሳስገባ ፍሬኑንም አብሬ ቀየርኩ። ይህ “አይሆንም” የምር ነው። ታዲያ የምር የሆነው “አይሆንም” እና “አልሞከርነውም፣ ደግሞም አንሸጠውም” የሚለው “አይሆንም” በአንድ ባዶ ቦታ ተጽፈው አንባቢው በምን ይለያቸው? ሁለት ጊዜ ያልተሞከረውን ሞክሮ ከሠራለት፣ ሦስተኛውን ገዳዩን በምን ልቡ ያምናል? ቸልተኛ አንባቢ የሚፈጥረው ጽሑፉ ራሱ ነው።

ወንጌል ላይ ስለ አሮጌ ልብስና ስለ አዲስ እራፊ የተነገረውን ምሳሌ የሚያነሱብኝ ጓደኞች አሉ፤ ብስክሌቴን ሲያዩ መሳቂያ ያደርጉኛል። ምሳሌው ግን ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ምክንያት አለው፦ ገና ውኃ ያልነካው ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ሲሰበሰብ አሮጌውን ይቀዳል። በሁለት ሺህ ዓመት ውስጥ የሰማ ሁሉ ምክንያቱን ስለተነገረው፣ የታጠበ እራፊ ቢሆንስ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ከሠንጠረዡ ጋር እንዲህ ብሎ መከራከር አይቻልም።

ሌላም ጽሑፍ አለ። አሜሪካዊው መካኒክ ሼልደን ብራውን እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2008 (እ.ኤ.አ.) ድረስ፣ የብስክሌትን ነገር በኢንተርኔት ላይ ሲጽፍ ኖረ፤ ጽሑፎቹ ዛሬም ይነበባሉ። ሠንጠረዡ ዝም በሚልበት ቦታ እሱ ይናገራል፦ ይህ ዳዶ የተጠረበው በዚህ ልክ ነው፣ ምክንያቱ ይህ ነው፣ ብታስገድደው የሚሆነው ይህ ነው። ቀልዱ ደረቅ ነው፣ አንዳንዴም ከርዕሱ ወጥቶ ይጠፋል፣ እኔ እንኳ ስንቴ ስለ ካቴና ላነብ ገብቼ ሌላ ነገር ሳነብ ነግቷል። እንደ ጸሐፊ ብንመዝነው ከኩባንያው ይበልጣል፤ አንባቢውን ማሰብ የሚችል ሰው አድርጎ ስለሚያየው። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል፣ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። የጻፈው ማሳቹሴትስ ሆኖ ነው። ጎረቤትህ ጋራዥ ውስጥ አሮጌ ዕቃ እንዳለ፣ ያ ካልሆነ አዝዘህ በሳምንት እንደሚደርስህ አድርጎ ነው የሚመክርህ።

እዚህ ዕቃ የሚመጣው በሻንጣ ነው። ከዱባይ የሚመለስ የአክስት ልጅ፣ ለገና የሚመጣ የዲያስፖራ ጓደኛ፣ “ሦስት ኪሎ ቦታ አለኝ” የሚል የሥራ ባልደረባ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዶላሩ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ወጣ፤ ሙሉ ግሩፕ ማስመጣት ማለት የስንት ወር ደመወዝ እንደሆነ ራሳችሁ አስሉት። “ሙሉውን ቀይረው” የሚለው ምክር ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ለእኛ ግን ምክር አይደለም። በኮሪደር ልማቱ ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መስቀል አደባባይ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል፤ ጥሩ ነው፣ እጠቀምበታለሁ። በዚያ መስመር ላይ ምግብና ዕቃ ጀርባቸው ላይ አዝለው የሚያደርሱ ልጆች ሲያልፉኝ ግን የማየው ካቴናቸውን ነው። የተራራ ፍሬም፣ የኮርሳ ጎማ፣ ከምናለሽ ተራ የወጣ ካምቢዮ። ለእነሱ “አይገጥምም” የሚለው ቃል ትርጉሙ የዛሬ ገቢ የለም ማለት ነው።

ሦስተኛው ጽሑፍ አይጻፍም፣ ይነገራል። የመካኒኮቻችን ቋንቋ ነው። እስቲ አድምጡት፦ ካቴና፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ማኑብሪዮ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ዳዶ። ጣሊያንኛ ነው፤ ግን ማንም ሮማዊ አይሰማውም። “ካቴናው ዘለለ”፣ “ማርሹ አልገባ አለ” ስንል የመጣውን ቃል በአማርኛ ግስ ላይ ገጥመን እንነዳዋለን። አሁን ደግሞ “ሺፍተር” እና “ካሴት” በእንግሊዝኛ መጥተው ከጎኑ ተቀምጠዋል። ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ ሲጋልብ፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው፣ “ካቴና” የሚለው ቃል ቀድሞ እዚህ ነበር። ለቋንቋው የተኳኋኝነት ሠንጠረዥ ያወጣለት ሰው የለም፤ ተግባብተናል።

ይህን ግን ለማሞገስ ብቻ አላመጣሁትም። የመካኒኮቻችን ጽሑፍ ተቃራኒ ሕመም አለበት፤ ሁልጊዜ “ይገጥማል” ይላል። ገርጂ አካባቢ ከምወዳቸው አንድ ጋሼ ጋር የተጨቃጨቅነው በዚህ ነው። የፔዳሉ ኩሽኔታ የሚቀመጥበትን ሲሊንደር ለመቀየር የጣሊያን ልክ የሆነ ዕቃ ይዘው ነበር።

“ጋሼ፣ ይሄ 36 ሚሊ ነው፣ የእኔ የእንግሊዝ ነው፣ ያንሳል።”

“በመዶሻ ይገባል፤ አንተ ልጅ ደግሞ ቁጥር ታበዛለህ።”

“ጥርሱን ይበላዋላ!”

“ይብላው፣ ከዚያ ወዲያ አይወጣም።”

ለነገሩ እውነታቸውን ነው፣ አይወጣም። ለዘላለም አይወጣም። ፍሬሙም ከዚያ በኋላ የሚቀበለው ሌላ ዕቃ የለም። “ይገጥማል” ማለትም እንደ “አይገጥምም” ሁሉ ምክንያት ሊጠየቅ ይገባዋል። ምክንያቱ “ገፋሁት፣ ገባ” ከሆነ ከሠንጠረዡ የባሰ ነው፤ ሠንጠረዡ ቢያንስ ፍሬም አያበላሽም። በመጨረሻ እኔ የራሴን የእንግሊዝ ልክ ዕቃ ይዤ ሄድኩ፣ እሳቸውም በእጃቸው ብቻ አሽከርክረው አስገቡትና “አየህ፣ ገጠመ” አሉኝ። ምን እላለሁ?

ስለዚያ የእንግሊዝ ልክ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ቢ.ኤስ.ኤ. ይባላል፤ የበርሚንግሃም ጠመንጃ ፋብሪካ ስም ነው። ዲያሜትሩ 1.37 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ፤ የቀኙ ወገን ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው፣ ሲጋለብ እንዳይፈታ። እነዚህ ቁጥሮች ከመቶ ዓመት በላይ ኖረዋል። ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ውዱ ባለ 12 ዱራ ኤስ ክራንክ ዛሬም በዚያ ልክ ይታሰራል፤ የእኔ የ40 ዓመት ፔጆ ላይ ጭምር። ካቴናም እንዲሁ፤ ወርዱ እየቀጠነ ሄደ እንጂ ከአንዱ ፒን እስከ ሌላው ያለው ርቀት ያው ግማሽ ኢንች፣ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ሊኑክስን የሚሠሩ ሰዎች አንድ የማያወላውሉበት ሕግ አላቸው፦ አሮጌውን ከርነል ተማምኖ የሚሠራ ፕሮግራም በአዲሱ ምክንያት መሰበር የለበትም። ብስክሌትም ሳይጻፍ ይህን ሕግ ለረጅም ጊዜ ሲያከብር ኖሯል። ስለዚህ መለወጥ የግድ መስበር ነው የሚለውን ክርክር አልቀበልም። የተሰበረው ቦታ ላይ ሁሉ አንድ ሰው ተቀምጦ 1.7 ይሁን ወይስ 1.4 ብሎ መርጧል። ለ1.4 ጥሩ ምክንያት ሊኖር ይችላል፣ ሽቦው ሲቆሽሽ ስህተቱ ያንሳልና። ምክንያቱን ንገረኝ ነው የምለው።

“አሮጌ ነገር ነፍስ አለው” ከሚሉት ጋርም አልስማማም። ክሮም ፍሬም ላይ ጥቁር አዲስ ካምቢዮ ሲያዩ ቅዳሴ ላይ የሞባይል ጥሪ የሰሙ ያህል ፊታቸው ይጨማደዳል። ፔጆው ሲሠራ ያው የዘመኑ አዲስ ዕቃ ነበር የተገጠመለት፣ ቢቻለው ኖሮ 34 ጥርስ አይጠላም ነበር። ውበቱን ካነሳንም፣ እንጦጦ ላይ ከምትገፋው የክሮም ጌጥ ይልቅ ተቀምጠህበት የምትወጣው ቅልቅል ብስክሌት ይበልጥ ያምራል፤ ቢያንስ ከኋላህ ለሚከተል ሰው።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ከፊታችን ያለው ነው። ያ የ2021 ዱራ ኤስ ሲወጣ በሽቦ የሚሠራ አማራጭ አልነበረውም፤ በኤሌክትሪክ ብቻ። መቀየሪያው ለካምቢዮው የሚልከው የሽቦ ርዝመት ሳይሆን በኩባንያው የራሱ ቋንቋ የተጻፈ የሬዲዮ መልእክት ነው። ካምቢዮው ውስጥ ፈርምዌር አለ፤ በስልክ መተግበሪያ ይታደሳል። ለባለ ሽቦው ዘመን አንድ ሰው ካሊፐር ይዞ 1.7ን ማግኘት ችሏል። እዚህ ግን የሚለካ ነገር የለም። እስካሁን “አይገጥምም” በወረቀት ላይ የተጻፈ አስተያየት ነበር፤ ዕቃውን አንስተህ ትሞክረዋለህ፣ ዕቃው ራሱ ይመልስልሃል። አሁን ግን ዕቃው ውስጥ የተጻፈ ትእዛዝ ሆኗል። የጻፈውም እንደኔ ያለ ሰው ነው፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ማስረከቢያ ቀን ደርሶበት፣ ምናልባትም “ይህን ማን ይጠቀምበታል” ብሎ አንዱን መስመር ሰርዞ።

ባለፈው አንዱ ጋላቢ እንዲህ ዓይነቱን ካምቢዮ ይዞ ጋሼ ዘንድ መጥቶ ነበር፣ ለማየት ያህል። አገላብጠው አዩት። ሽቦ የሚገባበትን ቀዳዳ ፈለጉ፣ የለም። ከዚያ መልሰው ሰጡትና እኔን፣ ኮምፒውተር ያውቃል ብለው ይሆናል፣ “ሠሪው ትቶት የሄደ ቀን ይሄን ማን ይከፍተዋል?” አሉኝ።